ካርድ ክፍል ብቻ እንቢ አለ

ኮምፒዩተሮቹ ከመግባታቸው በፊት በከሚሴው የማዶ በር ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል ውስጥ አሥራ አራት ሺህ ሁለት መቶ ስልሳ ካርዶች ነበሩ። ከነዚህ ውስጥ ስድስት መቶ አሥራ ሰባቱ የመሐመድ፣ አራት መቶ አራቱ የሰይድ፣ ሦስት መቶ ሠላሳ ስምንቱ የፋጡማ ነበሩ። የእንጨት መደርደሪያው ጣሪያ ይነካል፤ ለላይኞቹ ሦስት ረድፎች ባለ አምስት እርከን መሰላል ቆሞላቸዋል። አንድ ካርድ ፈልጎ ለማውጣት በአማካይ ሃያ ሁለት ደቂቃ ይፈጅ ነበር። ይህ የታወቀው ሪሀና ሥራ በጀመረች በመጀመሪያው ሳምንት ጥግ ላይ ቆማ የሃምሳ ሰው ካርድ እስኪወጣ በእጅ ሰዓቷ ስለለካች ነው።

ሪሀና የሃያ አራት ዓመት ልጅ ናት። ከሚሴ ተወልዳ፣ ኮምቦልቻ የኮምፒዩተር ትምህርቷን ጨርሳ ተመልሳ የጤና ጣቢያው ቴክኒሻን ሆና በሙከራ የተቀጠረች። ከእጇ የማትለይ ሰማያዊ ደብተር አለቻት፤ ገጹን በማስመሪያ ከፋፍላ ያየችውን ሁሉ በየዓምዱ ታሰፍርበታለች። እናቷ "ይቺ ልጅ ወጥ ስትቀምስ እንኳ ጨው አነሰ አትልም፤ ስንት ቁንጥር እንደጎደለ ትነግረኛለች" ይላሉ።

የመጡት ኮምፒዩተሮች አራት ናቸው። ከአራት ቦታ ተለምነው ስለተገኙ አንዱ ካንዱ አይመሳሰልም። ካርድ ክፍል የገባው ሆዱ የተነፋ አሮጌ ስክሪን ያለውና በዊንዶውስ ኤክስፒ የሚሠራው ነው። ምርመራ ክፍል አዲስ ዊንዶውስ 7 ደረሰው። መድኃኒት ክፍል ሊኑክስ የተጫነባት ትንሽ ላፕቶፕ ተሰጠችው። አራተኛው፣ የካርዶቹ ዝርዝር የተቀመጠበት ሰርቨር፣ እሱም በሊኑክስ የሚሠራ፣ ዕቃ ቤት ውስጥ በአልጋና በተሰበረ ሚዛን መካከል ተደላድሏል። ሦስቱ ክፍሎች በኬብል ተያይዘው ከሰርቨሩ የጋራ ማህደር ውስጥ አንዱን ዳታቤዝ እየከፈቱ ያያሉ፤ ሐሳቡ ይኸው ነው። ሦስት ዓይነት ቋንቋ የሚናገሩ ማሽኖችን ማስማማት ከባድ ነው ሲሏት ሪሀና አልደነገጠችም። ያደገችው አንድ ዓረፍተ ነገር በአማርኛ ተጀምሮ፣ በኦሮምኛ ቀጥሎ፣ በ"ወላሂ" በሚታሰርበት ከተማ ነው። የተናገረውም የሰማውም ቋንቋ መቀየሩን ልብ አይሉም።

ኅዳር 13 ቀን 2003 ዓ.ም.፣ ሰኞ፣ ሥራው ተጀመረ፤ ሁሉም ሠራ። ካርድ ክፍል ውስጥ የበሽተኛው ስምና የአያቱ ስም ሲጻፍ ካርዱ የተቀመጠበት የረድፍ ቁጥር ስክሪኑ ላይ ብቅ ይላል። ከጎን ያለችው ትንሽ ማተሚያ ደግሞ ተራው የሚደርስበት ሰዓት የተጻፈበት ቁራጭ ወረቀት ትተፋለች። የካርድ ክፍሉ ኃላፊ እትዬ ዘሊካ አሥራ ዘጠኝ ዓመት መሰላል የወጡ ሴት ናቸው፤ ያን ቀን ስድስት ጊዜ ብቻ ወጥተው ወረዱ። ከሰዓት በኋላ በራቸው ላይ ትንሽ ጭቅጭቅ ቢጤ ተሰምቶ ሪሀና ከዕቃ ቤት ብቅ ስትል፣ እትዬ ዘሊካ በእጃቸው "ግቢ፣ ሥራሽን ሥሪ፣ እኔ እጨርሰዋለሁ" አሏት። ገባች።

በማግስቱ ጠዋት ምርመራ ክፍል ተገናኘ፤ መድኃኒት ክፍል ተገናኘ፤ ካርድ ክፍል እንቢ አለ። ስክሪኑ ላይ "ከዳታቤዙ ጋር መገናኘት አልተቻለም" ከሚል አንድ መስመር በቀር ምንም የለም። ሪሀና መጣች፤ ኬብሉን ነቅላ ሰካች፤ ማሽኑን አጥፍታ አስነሳችው። ወዲያው ተገናኘ። እስከ ማታም ሳይቋረጥ ዋለ።

ረቡዕ ጠዋት እንቢ አለ። መጣች፣ አጥፍታ አስነሳችው፣ ሠራ። ሐሙስም እንዲሁ፤ ዓርብም እንዲሁ።

"አንቺን ይፈራሻል" አሉ እትዬ ዘሊካ። "እኔን ንቆኛል። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሰው አክብሮኝ በመጨረሻ ሣጥን ይናቀኝ?"

ዘበኛው ጋሽ ሙሄ በመስኮቱ አንገታቸውን አስገቡ። "ያ ክፍል ድሮም ደህና አልነበረም። ካርድ ክፍል ከመሆኑ በፊት የሬሳ ማቆያ ነበር ይባላል።"

"የእህል መጋዘን ነበር ጋሽ ሙሄ፤ እርስዎ ራስዎ ነግረውኛል" አለች ሪሀና ቀና ሳትል።

"እህሉንስ የበላው አይጥ ብቻ ይመስልሻል?"

ሪሀና ደብተሯን ገልጣ መመርመር ያለባቸውን ነገሮች አንድ በአንድ አሰፈረች። ኬብል፤ በሌላ ኬብል ተሞከረ፣ ትክክል። ኬብሎቹ የሚሰኩበት የስዊቹ ቀዳዳ፤ ተለወጠ፣ ትክክል። ስምና ፓስዎርድ፤ ፊደል በፊደል ታየ፣ ትክክል። ሰዓት፤ ከእጅ ሰዓቷ ጋር ተመሳከረ፣ ትክክል። ኤሌክትሪክ፤ ትክክል። በእያንዳንዱ ፊት ምልክት አደረገች። ስታበቃ ገጹ ሙሉ ምልክት ሆነ፤ ካርድ ክፍል ግን በማግስቱም እንቢ አለ።

ኅዳር 20 ቀን ከበላይ መሥሪያ ቤት ደብዳቤ መጣ። የጤና ጣቢያው ኃላፊ አቶ ሙሐመድዘይን ሪሀናን ቢሯቸው ጠርተው መነጽራቸውን አጥልቀው አነበቡላት። ሰኞ ኅዳር 27 ሦስት ገምጋሚዎች ይመጣሉ። ሦስቱ ክፍሎች ከሥራ መግቢያ እስከ ምሳ ድረስ በየክፍሉ ሠራተኛ ብቻ መሥራት አለባቸው፤ ቴክኒሻኗ ማሽን መንካት አይፈቀድላትም። ከሦስቱ አንዱ ካልሠራ አራቱም ኮምፒዩተሮች ለሌላ ጤና ጣቢያ ይሰጣሉ፤ የቴክኒሻንነቱም መደብ ይታጠፋል።

"መደቡ ማለት..." አለች ሪሀና።

"አንቺ ማለት ነው።" አቶ ሙሐመድዘይን ደብዳቤውን አጣጠፉ። "እኔ ስለ ማሽኑ አላውቅም። ግን ጠዋት ጠዋት አንቺ ካልደረስሽለት የማይነሳ ከሆነ፣ ያ ኮምፒዩተር ሳይሆን በሽተኛ ነው። በሽተኛ ደግሞ እዚህ ሞልቶናል።"

ሐሙስ ዕለት ደሴ ላለው ባለሙያ ለቶፊቅ ደወለች። ቶፊቅ ሰምቶ ሳይጨርስ መልሱን ሰጣት፦ "ኤክስፒ አርጅቷል። ከሊኑክስ ሰርቨር ጋር አይግባባም። አውጪው።"

"ከሰዓት በኋላ እኮ ይግባባል።"

"አርጅቷል አልኩሽ። ሽማግሌ ጠዋት ጠዋት እሺ ብሎ ይነሳል?"

ሪሀና ባታምንም ሞከረች። ሐሙስ ማምሻውን የካርድ ክፍሉን ኤክስፒ ወደ ምርመራ ክፍል፣ የምርመራ ክፍሉን ዊንዶውስ 7 ወደ ካርድ ክፍል አዛወረች። የምርመራ ክፍሉ ጤና መኮንን ጀሚል አዲስ ማሽኑ ሲወሰድ እንደ ሙሽራ ወላጅ በር ድረስ ሸኘው።

"መልሽልኝ እንጂ" አለ።

"ሰኞ ሁለታችንም ካለን እመልስልሃለሁ።"

ዓርብ ጠዋት ውጤቱ ታወቀ። አርጅቷል የተባለው ኤክስፒ ምርመራ ክፍል ውስጥ ያለ ማንም እርዳታ ተገናኝቶ ቁጭ ብሏል። አዲሱ ዊንዶውስ 7 ካርድ ክፍል ውስጥ እንቢ አለ። ልዩነቱ ይኼኛው በዝምታ ፈንታ አንድ ረጅም የቁጥርና የፊደል ቅልቅል ማውጣቱ ነው። ሪሀና ቁጥሩን ገለበጠችው፤ ምንም አልነገራትም። ግን አንድ ነገር ተለይቶ ወጣ፤ በሽታው የማሽኑ ሳይሆን የክፍሉ ነው።

"አላልኩሽም?" አሉ ጋሽ ሙሄ ወደ ጁምዓ ሶላት ሲወጡ። "ክፍሉ ነው። አንድ ሼህ ጠርተን ቁርኣን እናስቀራበት።"

"ኬብሉ ክፍሉ ውስጥ ነው፣ ስዊቹም ክፍሉ ውስጥ ነው..."

"እትዬ ዘሊካም ክፍሉ ውስጥ ናት" ብለው ሳቁና ሄዱ።

ሪሀናም ሳቀች። ሁለቱም ምን ላይ እንደሳቁ አላወቁም።

የቀራት ቅዳሜ ግማሽ ቀን ብቻ ነበር። ዓርብ ከሥራ መውጫ በፊት ሊኑክስ ያለባትን ትንሽ ላፕቶፕ ከመድኃኒት ክፍል አምጥታ ካርድ ክፍል ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠች፤ ያልሞከረችው እሷ ብቻ ነበረች። ለእትዬ ዘሊካም ፓስዎርዱን በወረቀት ጽፋ፣ አከፋፈቷን አሳይታ፣ "ነገ እንደ ሁልጊዜው ያድርጉ፤ እንደ ሁልጊዜው ብቻ" ብላ ሄደች።

ቅዳሜ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል አለፍ ሲል ገባች።

"አካም ቡልተን፣ እትዬ?"

"ነገያ፣ አልሐምዱሊላህ። ይቺኛዋም እንቢ ብላለች። ግን ይቺ እንኳ ትናገራለች። ነይ እይው የምትለውን።"

ላፕቶፗ በእርግጥ ትናገራለች። ኤክስፒ የዋጠውን፣ ዊንዶውስ 7 በቁጥር የሸፈነውን፣ ሊኑክስ በጥቁር ሳጥን ውስጥ በአንድ መስመር እንግሊዝኛ ዘርግፎታል፤ የሰዓት ልዩነቱ ከመጠን በላይ ነው።

ሪሀና ወንበር ስባ ተቀመጠች። ይህን ከትምህርት ቤት ታውቀዋለች። እንዲህ ያለ ሰርቨር ሰው ሲመጣበት ስምና ፓስዎርድ ብቻ አይበቃውም፤ የመጣው ማሽን ሰዓት ከራሱ ሰዓት ከአምስት ደቂቃ በላይ ከተለያየ፣ የትናንት ፈቃድ ይዞ የመጣ አጭበርባሪ ነው ብሎ በሩን ይዘጋበታል። የላፕቶፗን ሰዓት አየች፤ 2:41። የእጅ ሰዓቷን አየች፤ 2:41። ግድግዳው ላይ ያለውን አየች፤ 2:41። ተነስታ እየሮጠች ዕቃ ቤት ሄዳ ሰርቨሩን አየች፤ ሁለት ከአርባ ሁለት። የአንዲት ደቂቃ ልዩነት፤ እሷም የመንገዱ ናት። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው ብላ በንዴት ተመለሰች።

ደብተሯን አወጣች። ቀድሞ "ሰዓት" ብላ ከጻፈችው ፊት ያለውን ምልክት አየችውና አላስደሰታትም። ምልክት ብቻ ነው፤ "አይቻለሁ፣ ትክክል ነው" ይላል እንጂ ምን እንዳየች አይናገርም። ገና ትምህርት ላይ ሳለች መምህሯ "የፈረድሽውን ሳይሆን ያነበብሽውን ጻፊ" ይሏት ነበር። አዲስ መስመር አስምራ ያነበበችውን ቁጥር፣ ስክሪኑ ላይ እንደነበረው፣ ሳትቀንስ ሳትጨምር ጻፈች፦

ካርድ ክፍል፦ 2:41
ሰርቨር፦ 8:42

ብዕሯ እንደተነሳ ቀረ።

ስምንት ከአርባ ሁለት ነበር የተጻፈው። ሰርቨሩ ላይ ሁልጊዜም ስምንት ነበር። እሷ ግን ስምንትን አይታ፣ ልክ "ኮቱ" ሲሏት "ነይ" ማለት ነው ብላ ሳታስብ እንደምትነሳ፣ ሳታስብ ሁለት ብላ አንብባዋለች። ካርድ ክፍል ላይ ደግሞ ሁለትን ሁለት ብላ አንብባለች። ሁለቱም ለዓይኗ ልክ ናቸው። በመካከላቸው ስድስት ሰዓት ተጋድሞ ሁለት ሳምንት ሙሉ ተሻግራው ተመላልሳለች።

"እትዬ ዘሊካ" አለች ቀስ ብላ፤ "ይህችን ሰዓት የነካት ሰው አለ?"

"እኔ ነኛ። ማን ይንካልሽ ታዲያ?"

"መቼ?"

"ዛሬ። የዛሬዋ አስቸገረችኝ፤ የሌሎቹ ታች ጥግ ላይ ነው፣ የዚች ከላይ ነው። ፈልጌ ፈልጌ ሳገኛት ደግሞ ፓስዎርድ አለችኝ፤ ያንን የሰጠሽኝን ሰጠኋት።"

"ትናንትስ?"

"ትናንትም። ቢስሚላህ ብዬ እከፍታለሁ፣ አቧራውን እጠርጋለሁ፣ ሰዓቱን አስተካክላለሁ፣ ከዚያ ፕሮግራሙን እከፍታለሁ። ሁልጊዜ እንደዚያ ነው። በየጠዋቱ ይበላሻል እኮ፤ ስከፍተው ሁሌ ስድስት ሰዓት ተዛብቶ ነው የማገኘው። አንቺ አጥፍተሽ አስነስተሽው ስትሄጂም መልሶ ይዛባል፤ እኔም መልሼ አስተካክለዋለሁ።"

ሪሀና እጇን ግንባሯ ላይ አደረገች። ሁሉም ነገር ተራ በተራ ቦታ ቦታውን ያዘ። ማሽኑ ሲነሳ ሰዓቱን ከሰርቨሩ ይቀበላል። እትዬ ዘሊካ ያስተካክሉታል። ከዚያ በኋላ ፕሮግራሙ ሲከፈት ሰርቨሩ በሩን ይዘጋል። እሷ መጥታ አጥፍታ ስታስነሳው ሰዓቱ ወደ ሰርቨሩ ይመለሳል፤ በሩም ይከፈታል። አንዴ ከገባ በኋላ ሰዓቱ እንደገና ቢነካም እስከ ማታ ድረስ ደግሞ የሚጠይቀው የለም።

"ለምን አልነገሩኝም?"

"ምኑን? የተዛባ ሰዓት የሚያስተካክል ሰው ለማን ይነግራል?" እትዬ ዘሊካ ፊታቸው ተለወጠ። "ምነው? ያጠፋሁት ነገር አለ እንዴ? ማል ታቴ?"

ነገረቻቸው። እትዬ ዘሊካ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ፤ ከዚያ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሪሀና እያለቀሱ ይሆን ብላ ጎንበስ ስትል እየሳቁ ነው። "ያ ሁሉ ኬብል" አሉ እንባቸውን እየጠረጉ፤ "ያ ሁሉ ጠረጴዛ ስር መንፏቀቅ። ጅኑ እኔ ሆኜ ቀረሁ!"

ሲበርድላቸው ግን ነገሩን ከመጀመሪያው አስረዷት። በመጀመሪያው ሰኞ ከጨፋ ሮቢት የመጣ አብዱልጀሊል የሚባል ገበሬ 9:10 የሚል ወረቀት ደረሰው። ማሽኑ ከጠዋቱ ሦስት ከአሥር ማለቱ ነበር። አብዱልጀሊል ግን ዘጠኝ ሰዓት ከአሥር አለ፤ ማንም እንደሚለው። ገና ስድስት ሰዓት አለኝ ብሎ ያመመውን እግሩን እየጎተተ ጊደር ሊያይ ሄደ። ዘጠኝ ሰዓት ከአሥር ላይ ሲመለስ ተራው ካለፈ ስድስት ሰዓት ሆኖታል። እንደሱ የተሳሳቱ አሥራ አንድ ሰዎች ነበሩ። በር ላይ የተሰማው ጭቅጭቅ የእነሱ ነበር።

"ነገ አይደገምም ብዬ ቃል ገባሁ። አልተደገመምም።"

"ሰኞ ሰዓቱን አይንኩት ብልዎትስ?"

"በይኝ። አልነካም።" እትዬ ዘሊካ ሻሻቸውን አስተካከሉ። "ግን ዘጠኝ ከአሥር የሚለውን ወረቀት አንቺ በእጅሽ ስጪልኝ። እኔ እግሩ ለቆሰለ ሰው የውሸት ሰዓት አልሰጥም።"

ነገሩ እውነት ነው፤ ደግሞም ሪሀና ሰኞ ምንም መንካት አይፈቀድላትም። ሰዓቱ የፈረንጅ ከሆነ ሰው ይጠፋል፤ የኛ ከሆነ ሰርቨሩ ይዘጋል። መሰላሉ ሁለተኛ እርከን ላይ ተቀምጣ አሰበች። ስታስብ ነገሩ ለሁለት ተከፍሎ ታያት። ኮምፒዩተር ሁለት ሰዓት አለው። አንዱ ውስጡ ነው፤ በዓለም ሁሉ አንድ የሆነ ቆጠራ። ሌላው ፊቱ ነው፤ ያለህበት አገር የት ነው ተብሎ ተጠይቆ በዚያው ልክ የሚያሳየው። ሰርቨሩ የሚያመሳክረው ውስጡን ነው። ወረቀቱ ላይ የሚታተመው ፊቱ ነው። እትዬ ዘሊካ ሲያስተካክሉ ውስጡን ነው የሚያናጉት። ፊቱ ብቻ ቢቀየርስ?

ማለትም፣ ከሚሴ ላይ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ስንል፣ ፈረንጆቹ "ከሌሊቱ ሁለት" የሚሉበት አገር ይኖራል። ማሽኑን እዚያ አገር ነህ ማለት ነው።

ላፕቶፗን ወደ መድኃኒት ክፍል መልሳ፣ ኤክስፒውን ከምርመራ ክፍል አስመልሳ፣ ዊንዶውስ 7ቱን ለጀሚል መልሳ፣ የአገሮቹን ዝርዝር ከፈተች። እስከ ዛሬ የተመረጠው ናይሮቢ ነው።

"እኛ ናይሮቢ ነበርን እንዴ?" አሉ እትዬ ዘሊካ።

"ለማሽኑ አዎ።"

"ሳይነግሩን!"

ማሽኑን ተከትሎ የመጣው ጀሚል ከትከሻቸው በላይ አጮለቀ። ሪሀና ጣቷን በዝርዝሩ ላይ እያወረደች ስድስት ሰዓት ቆጠረችና ብራዚል ላይ ቆመች። ጀሚል በነጩ ጋውን ስር ቢጫ ማሊያ የሚለብስ ሰው ነው፤ ደስታውን መደበቅ አቃተው።

"ካርድ ክፍል ብራዚል ሆነ? ወላሂ ከዛሬ ጀምሮ ሻዬን እዚህ ነው የምጠጣው።"

ሰዓቱ ተቀየረ። የእጅ ሰዓቷ 4:05 ይላል። ስክሪኑ 5:05።

"አንድ ሰዓት ቀደመ" አለች ሪሀና።

"ብራዚል ድሮም ትቀድማለች።"

"በበጋቸው ሰዓታቸውን አንድ ወደፊት ይገፋሉ። አሁን በጋቸው ነው። አይሆነንም።" አንድ መስመር ወረደች። ቦነስ አይረስ። ስክሪኑ 4:05 አለ። የእጅ ሰዓቷ 4:05። ከጎኑ የነበረችውን የጠዋትና የማታ ምልክት አጠፋች፤ ምንም አልቀረም። ጀሚል ስክሪኑን አንብቦ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ።

"የት ነው ይሄ?" አሉት እትዬ ዘሊካ።

"አርጀንቲና" አለ በቀጭን ድምፅ። "እትዬ፣ ሌላ አገር ይጠፋል? ይህን ሁሉ ዓለም አላህ ፈጥሮ?"

"ልክ ከሆነ ምን ቸገረህ ልጄ። ጥሩ አገር ነው ማለት ነው።"

ሪሀና ማሽኑን አጥፍታ አስነሳች፤ ምንም ሳትነካ ፕሮግራሙን እትዬ ዘሊካ ከፈቱ። ተገናኘ። ደገሙት፤ ተገናኘ። ሦስተኛ ደገሙት። በደብተሯ ላይ በየተራው ሁለቱንም ቁጥሮች ጻፈች፤ ምልክት አላደረገችም። ስትጽፍ አንድ ነገር አስተዋለች። በዚህ አቆጣጠር የማሽኑ ቀን የሚለወጠው በእኩለ ሌሊት ሳይሆን ንጋት ላይ፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሞላ ነው፤ ዶሮ ሲጮህ።

"እንግዲህ ሰኞ..." ብላ ስትጀምር እትዬ ዘሊካ አቋረጧት።

"አትንኪው ልትዪኝ ነው? ልክ ከሆነ ምን ያስነካኛል?"

ሰኞ ሦስቱ ገምጋሚዎች በሁለት ሰዓት ደረሱ። ዋናዋ ወይዘሮ ረቢአ የሚባሉ፣ ንግግራቸው ቁርጥ ያለ ሴት ናቸው። ሪሀናን ግቢው ውስጥ ካለው የዋንዛ ዛፍ ስር አስቀመጧትና "ከዚህ እንዳትነሺ" አሏት። ከዚያ ሆና የካርድ ክፍሉ በር ይታያታል፤ ስክሪኑ አይታያትም። ጋሽ ሙሄ ከጎኗ መጥተው ቆሙ።

"ትቀሪያለሽ ወይስ ትሄጂያለሽ?"

"ገና ሁለት ሰዓት ተኩል ነው።"

"የኛ ነው የአርጀንቲና?"

"አንድ ነው ጋሽ ሙሄ።"

መስኮቱ ተከፈተ። የእትዬ ዘሊካ ድምፅ "ቢስሚላህ" ሲል ተሰማ፤ ከዚያ ጨርቅ አቧራ ሲጠርግ። ቀጥሎ ያለው ዝምታ ለሪሀና ከሁለት ሳምንቱ ረዘመባት። በእጅ ሰዓቷ ለካችው፤ ሃምሳ አራት ሴኮንድ ሆነ። ከዚያ ማተሚያዋ ድምፅ አሰማች።

ሁለት ሰዓት ከሃምሳ ላይ አንድ ሰው በግራ እግሩ እያነከሰ በበሩ ገባ። ወረቀቱን ተቀብሎ ሲወጣ ከዋንዛው ጥላ ስር ቆሞ ወደ ፀሐይ አዙሮ አነበበው። 3:25 ይላል።

"የኔ እህት፣ ይሄ የኛ ነው የፈረንጅ? ባለፈው ጉድ ሠርቶኛል።"

"የኛ ነው። ጋሽ አብዱልጀሊል አይደሉም? ጊደሩስ?"

"ገዛኋት። ጥሩ ጊደር ናት። ስሜን ማን ነገረሽ?"

"ሰዓት ያስተካከሉልዎት ሴት።"

ሰውዬው የትም አልሄደም፤ ከጥላው ስር ተቀመጠ። 3:26 ላይ ተጠራ።

ምሳ ሰዓት ሲደርስ ወይዘሮ ረቢአ ከካርድ ክፍል ወጥተው ወረቀታቸውን በአቶ ሙሐመድዘይን ጠረጴዛ ላይ ፈረሙ። ኮምፒዩተሮቹም ቴክኒሻኗም በቦታቸው እንዲቆዩ ተጻፈ። ከዚያ ወደ ሪሀና ዞረው አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቋት፤ "የካርድ ክፍሉ ማሽን ቦነስ አይረስ የሚለው ስህተት ነው?"

"አይደለም" አለች ሪሀና፤ ደብተሯን ከፍታ የዕለቱን ገጽ አሳየቻቸው።

ከሁለት ሰዓት ተኩል እስከ ስድስት ሰዓት ተኩል፦ የተጠየቁ ካርዶች 76። አንድ ካርድ ለማግኘት የፈጀው ጊዜ በአማካይ 3 ደቂቃ። ግንኙነቱ የተቋረጠበት ጊዜ 0። በከሚሴ ካርድ ክፍልና በዕቃ ቤቱ ሰርቨር መካከል፣ የአገር ልዩነት ተቀንሶ፣ የተገኘው የሰዓት ልዩነት 2 ሴኮንድ።